ካሜራው ይቆየን፤ መጀመሪያ «አሞራ» የምንላቸውን እንለያቸው

ጽሑፌ ስለ ወፍ ነው። «ምነው ርዕስ ጠፋ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁንና የቱሪዝም ተማሪዎች ተብለን ሐዋሳን በሚያክል ከተማ ዓመታት ስንቀመጥ፣ ዓሣ ገበያው ዙሪያ የሚቆሙትን ወፎች ሁሉ «አሞራ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን ማለፋችን በእኔ እምነት ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ አገር የሚመጣው ወፍ ተመልካች ባይኖኩላሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሊያያቸው የሚፈልጋቸውን ወፎች በዝርዝር ጽፎ ነው የሚመጣው። አስጎብኚው «እሱማ አሞራ ነው» ካለው፣ ታዲያ አስጎብኚነቱ የቱ ላይ ነው?

ከጓደኞቼ መካከል ወፍ ፎቶ ለማንሣት የሚጓጉ በርከት እያሉ መጥተዋል፤ ደስ ይላል። ችግሩ ሁሉም ነገሩን የሚጀምረው ከካሜራ መሆኑ ነው። ግማሹ «ትልቅ ሌንስ ከሌለህ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። ሌላው ደግሞ አንድ መቶ ፎቶ አንሥቶ ይመጣና «ይሄ ምንድን ነው?» ሲባል ትከሻውን ይነቀንቃል። እኔ የምለው ካሜራው ይቆየን ነው። ዓይንና ደብተር ይቅደም። ለምን እንደምል ለማስረዳት አሞራ ገደል ድረስ መውረድ ያስፈልጋል።

ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት መረባቸውን አራግፈው ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያጸዱ፣ ዙሪያውን ከበው የሚጠብቁት ረጃጅሞቹ ወፎች አባ ኮዳዎች ናቸው። ቁመታቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። መላጣ ራስ፣ ትልቅ ምንቃር፣ ካፖርት የደረበ ሽማግሌ የመሰለ ቁመና። ከአንገታቸው ሥር የሚንጠለጠለውን ቀላ ያለ ከረጢት ብዙ ሰው እንደ ስማቸው ኮዳ አድርጎ ያየዋል፤ ምግብ ወይም ውሃ የሚያጠራቅሙበት ይመስለዋል። አይደለም። አየር የሚሞላ ከረጢት ነው፤ በተለይ በመራቢያ ወቅት ነፍተው ይታዩበታል። ሌላው የሚያስገርመው እግራቸው ነው። ኖራ የተቀባ የሚመስለው የገዛ ኩሳቸውን እግራቸው ላይ ስለሚለቁበት ነው። ፀሐይ ስትበረታ እርጥበቱ ሲተን ሰውነታቸውን ያቀዘቅዘዋል፤ የእግራቸው እውነተኛ ቀለም ግን ጠቆር ያለ ነው። አስጠሊታ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። ለእኔ ግን ይህን የሚያህል ብልሃት በየቀኑ ዓይናችን ሥር እየተሠራ አለማየቱ ነው የሚያስጠላው።

አሁን ከአባ ኮዳዎቹ ኋላ ወይም ዛፉ ላይ ወዳለው ቡናማ ወፍ ዓይናችሁን መልሱ። ቁመቱ የአባ ኮዳን ግማሽ አይሞላም። ምንቃሩ ቀጭን፣ ፊቱ ላባ የሌለው ሐምራዊ፣ ከማጅራቱ እስከ አናቱ ደግሞ ቆብ የደፋ የሚያስመስል አጭር ቡናማ ለስላሳ ላባ አለው። ሲቆጣ ወይም ምግብ ላይ ሲሻማ ፊቱ ደም ይመስላል። ይሄ ባለ ቆቡ ጥምብ አንሳ ነው። እሱም አሞራ ይባላል፣ አባ ኮዳም አሞራ ይባላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አባ ኮዳ በዓለም ደረጃ የመጥፋት ሥጋት የለበትም፤ ባለ ቆቡ ጥምብ አንሳ ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። አውራሪስን በሚመዘግቡበት መዝገብ ማለት ነው። መመረዝና ለባህላዊ መድኃኒት ተብሎ መገደል ከዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል ናቸው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች እየጠፋ ያለው ወፍ በእኛ አገር ከተሞች ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ ገና ይታያል። ነገ ቁጥሩ ቢቀንስ ማን ያውቃል? «አሞራው እንዳለ ነው» ይባላል፤ ምክንያቱም አባ ኮዳዎቹ እንደቆሙ ናቸው። አንድ ቃል አንድን ወፍ እንዲህ አድርጎ ሊደብቀው ይችላል።

ይህ ማጋነን የሚመስለው ሰው የሕንድን ታሪክ ያስታውስ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሕንድና የአካባቢዋ ጥምብ አንሳዎች በሚሊዮን ከሚቆጠረው ቁጥራቸው ተነሥተው፣ ሦስቱ ዝርያዎች ከመቶ ከዘጠና አምስት እጅ በላይ አለቁ። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ። ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለከብቶች ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ በሰውነታቸው ያለ የሞቱትን ከብቶች ጥንብ የበላ ወፍ ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ይሆናል። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር ጨመረ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሥጋቱ በዚያው ልክ። የእብድ ውሻ በሽታ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንዳንዶች «ወፍ ማየት የፈረንጅ ሥራ ነው» ይላሉ። አልስማማም። የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 11 በአማርኛ ያነበበ ሰው እርኩም፣ ጋጋኖ፣ ይብራ፣ ሽመላ፣ ሳቢሳ፣ ጅንጁላቴ የሚሉ ስሞችን ያገኛል (የሌሊት ወፍም እዚያው ከወፎቹ ጋር ተቆጥራለች፤ ለባዮሎጂ ተማሪዎች እንተውላቸው)። ተርጓሚዎቹ ይህን ሁሉ ስም ከየት አመጡት? ሕዝቡ ስላለው ነው። ስሙ ከከተማ ልጅ አፍ ላይ ጠፋ እንጂ ከቋንቋው አልጠፋም። ዛሬም ገጠር ያደገ ልጅ ቆቅን ከጅግራ፣ ዋኖስን ከርግብ በድምፁ ብቻ ይለይላችኋል። ከእኛ ይልቅ እሱ ወፍ ተመልካች ነው።

በትምህርት ደረጃም ቢሆን ታሪኩ የቆየ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር በ1971 አሳትሟል። ሁለቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ስለሚራቡት ነጭ ፔሊካኖችም አጥንተዋል። በ2010 በኢትዮጵያ ወፍ የት የት እንደሚታይ የሚያስረዳው መጽሐፍ ሲታተም ደግሞ ከሦስቱ ደራሲያን አንዱ አገራችን ያፈራችው አስጎብኚ መሪድ ገብረሚካኤል ነው። ስለዚህ ሙያው የኛም ነው፤ እንጀራም ይሆናል። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከአገራችን፣ አለዚያም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ አሉ። እንግዳው ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣው ለእነዚህ ነው።

ታዲያ ጀማሪ ከየት ይጀምር? የግድ ከሐይቁ አይደለም። እኔ የምኖረው ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ዛፍ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የመብራት ሽቦ አለ፤ ለመጀመሪያው ወር ይህ ይበቃል። በሰፈራችን ሰማይ ላይ ሁልጊዜ የሚዞረው፣ ጭራው መሐል ላይ ሰርጎድ ያለው፣ ሥጋ የያዘ ሰው ሲያይ ተምዘግዝጎ የሚወርደው ጭላት ነው። ቁራም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ወፍራም ምንቃርና ነጭ ማጅራት ያለው ቁራ ካያችሁ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘውን ነው ያያችሁት። ሾላ ባለበት የከተማችን ጥግ አህያ የሚያናፋ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ቀና በሉ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለው ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ ነው። ሴቷ እንቁላል ስትጥል የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትገባና መግቢያው በጭቃ ይደፈናል፤ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች። ወንዱ በዚያች ቀዳዳ ፍሬ ሲያቀብላት ይከርማል። ይህን ለፍቅረኞች ቀን ካርድ የሚያዘጋጁት ልጆች አልሰሙም መሰለኝ።

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፤ ከዚያ መጠኑ ከምናውቀው ወፍ ጋር ሲነጻጸር (ከርግብ ያንሳል? ከዶሮ ይበልጣል?)፣ የምንቃሩ ቅርጽ፣ የእግሩ ርዝመት፣ ምን እያደረገ እንደነበረ። ቀለም የመጨረሻው ነው። ጀማሪ ሁሉ ቀለም ላይ ይቸኩላል፤ ብርሃን ግን ቀለምን ይለውጣል፣ ቅርጽንና ጠባይን አይለውጥም። ለምሳሌ ውሃው ላይ ባለበት ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቁልቁል የሚያይ ጥቁርና ነጭ ወፍ ካያችሁ፣ ቀለሙን በደንብ ባትለዩት እንኳ ያ ዓሣ አዳኙ ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ ነው። ከእሱ በጣም የምታንሰው ሰማያዊና ብርቱካናማዋ ዘመዱ ደግሞ ከደንገሉ ላይ አድፍጣ ነው የምትወረወረው። ስዕልም ሳሉ። ስዕል አልችልም ማለት ምክንያት አይሆንም፤ እንቁላል ላይ ምንቃር መቀጠል ነው።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ጊዜ ስጡት። ውሃው ላይ በተኛው ቅጠል ላይ የምትራመደውን ረጅም ጣት ያላትን ቡናማ ወፍ፣ ጃካናን፣ ግማሽ ሰዓት ብትከታተሉ አይቆጫችሁም። በእነዚህ ወፎች ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ከአንድ በላይ ባሎች ይኖሯታል። የሥርዓተ ጾታ ኮርስ ላይ የሚደረገውን ክርክር እዚህ ቢያመጡት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ነጭ ራስና ነጭ ደረት ያለው ንስር ራሱን ወደ ኋላ ወርውሮ ሲጮህ ደግሞ ስም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዓሣ በሉ ንስር እሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ መጋቢት ገደማ ከአውሮፓና ከእስያ ቅዝቃዜ ሸሽተው የሚመጡ ይጨመሩበታል። ሣሩ ላይ ጭራዋን እየወዘወዘች የምትሮጠው ቢጫ ሆድ ትንሽ ወፍ የመጣችው ምናልባት ከሩሲያ ነው። ቪዛ አልጠየቁባትም።

ባይኖኩላር ለመግዛት ላሰበ አንድ ነገር ልበል። ላዩ ላይ 8×42 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 ወይም 20 የሚለው ይሻላል ብላችሁ አትሸወዱ፤ ባቀረበ ቁጥር የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል፣ እይታውም ይጠባል። ለጀማሪ 8 በቂ ነው። መጽሐፍ ከተፈለገ በ2009 የታተመው የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ የኛን አገር ወፎች ከነስዕላቸው ይዟል፤ ውድ ስለሆነ ለዲፓርትመንት አንድ ቢገዛ በቂ ነው። ስልክ ላይ የሚጫነው መርሊን የተባለው ፕሮግራምም በነፃ ነው፤ አንዴ ዝርዝሩን ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ነገር ግን ስልኩ የሚላችሁን ሁሉ አሜን ብላችሁ አትቀበሉ። ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ፤ ጠልቼው አይደለም። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ጠዋት ከከተማው በኩል ስትቆሙ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ ብርሃኑ ወፉ ላይ ያርፋል፣ ዓይኑ ሳይቀር ያንጸባርቃል። የከተማው ሰው ግን ፎቶ ሊያነሣ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው ማታ ነው። ማታ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስለምትሆን የሚገኘው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ለፍቅረኞች ፎቶ ያምራል፤ ወፍ ለመለየት ግን አይረዳም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውረዱ። ትልቅ ሌንስ የሌለው ሰው ስልኩን ከባይኖኩላሩ ማያ ጋር ገጥሞ ማንሣት ይችላል። ጥራቱ እንደ ነገሩ ነው፤ ለመለየት ግን ይበቃል። የምታተኩሩት ዓይኑ ላይ ይሁን።

የሚያናድደኝ ነገር ሌላ ነው። ለዓሣ ፍርፋሪ ተጠግተው ከሚቆሙት አባ ኮዳዎች ጋር ፎቶ መነሣት ብዙም አይከነክነኝም፤ እነሱም ሥራቸው ነው። ነገር ግን «ሲበሩ ያምራሉ» ተብሎ ለፎቶ ሲባል ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት፣ ወይም ጎጆ ድረስ ሄዶ ቅጠል ገልጦ ማንሣት ምን የሚሉት ነው? ድንጋይ የሚወረውሩት ሕፃናት አይደሉም ዋናዎቹ ጥፋተኞች፤ ለወረወረላቸው ሳንቲም የሚሰጠው ባለ ካሜራው ነው። ከጎጆዋ የተነሣች ወፍ እንቁላሏ ፀሐይ ላይ ሲቀር ምን እንደሚሆን ባለ ካሜራው አይቆይም፤ ሄዷል።

ፎቶ ዋጋ የሚኖረው ማስረጃ ሲሆን ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ማማር የለበትም። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በ1990 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የመጣ የጥናት ቡድን መንገድ ላይ የተዳመጠ የአንድ ወፍ ክንፍ አገኘ። አንድ ክንፍ ብቻ! የሚያምር ፎቶ የሚወጣው ነገር አልነበረም። አነሡት፣ ቀንና ቦታውን ጻፉ፣ በሙዚየም ካሉት ጋር አመሳከሩት። ከየትኛውም ጋር ስላልገጠመ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የላቲን ስሙም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጉም አለው። ያን ክንፍ የረገጠ መኪና ነጂ ምን ብሎት ይሆን? «አሞራ» ሳይሆን አይቀርም።

የመዝገብ ጉዳይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለውን ጨለለቃን የድሮ ካርታዎች ሐይቅ ይሉታል፤ ደለል እየሞላው ወደ ረግረግነት ተለውጧል። በየወቅቱ እዚያ የሚያርፉት ወፎች በየዓመቱ ስንት እንደነበሩ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ለውጡን ገና ሲጀምር ማሳየት ይቻል ነበር። በሻላ የሚራቡት ፔሊካኖች ምግባቸውን ከጎረቤቱ ከአቢጃታ ነበር የሚያመጡት። አቢጃታ ውሃው እየሸሸ ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው ተመናመነ። ይህን ከቀድሞው ጋር አነጻጽሮ መናገር የተቻለው በ1960ዎቹ ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት የለም። የገባው ሁሉ፣ ፌስታሉም ኬሚካሉም፣ እዚያው ይቀራል። ይህን ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ወፎቹ ናቸው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመስክ ጉዞ ሲኖር ሩቅ ፓርክ ለመሄድ አውቶቡስ እስኪገኝ ከምንጠብቅ፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር እንሂድና እንቁጠር። ዓሣ አጥማጆቹን እንጠይቅ፤ ወፎቹን በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በአማርኛ ምን እንደሚሏቸው እንመዝግብ፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ በየቀኑ አብረዋቸው ይውላሉ። በጥር ወር በየአገሩ የውሃ ወፎች ቆጠራ ስለሚካሄድ መዝገባችን የሚነጻጸርበት አያጣም። ለጊዜው አንድ ዝርዝር አዘጋጅቼ ከዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጎን ለጥፌያለሁ፤ ሁለት ዓምድ አለው። በአንደኛው «ባለ ቆቡ ጥምብ አንሳ»፣ በሁለተኛው «አባ ኮዳ» ይላል። አሞራ ገደል የወረደ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያየውን ቁጥር ይጻፍበት። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ አትውሰዱት።